ቫኬሽን ላይ ነበርኩ እንጂ አልታመምኩም

ከሁሉ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ።

ከድር እባላለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ባሌ ውስጥ፣ ከሮቤ እስከ ጎሮ፣ ከዚያም እስከ ገሰራ ባለው የስንዴ አገር ኮምባይነር ማሳ መሃል ቆሞ ባለቤቱ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ራሴን አስተማርኩት። የእንግሊዝኛ ማንዋል በመዝገበ ቃላት አነበብኩ። አንድ ሙሉ ሞተር ፈትቼ፣ ሦስት ወር ሸራ ላይ ዘርግቼ፣ መልሼ ገጥሜ አስነሣሁ።

ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ሞተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። ብሎኖቹ ትርፍ ነበሩ ማለት ነው።

ኢንጂነሮች ቆመው አይተውኝ የት እንደተማርኩ ይጠይቁኛል። መሬት ላይ ተኝቼ እላቸዋለሁ።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። በዋናነት ግን ዛሬ ረፋድ ላይ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት የተቀረጸ አንድ ቪዲዮ በየስልካችሁ እየዞረ ስለሆነ ነው።

ቀይ በቀቀን የተሳለበት ቁምጣ ለብሶ፣ ቁምጣውን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኝ እጁ ሚኒባስ የሚጠግነው ሽማግሌ እኔ ነኝ!

ኮሜንታችሁን አንብቤዋለሁ። "እብድ ነው" ያላችሁ ተሳስታችኋል። "ሰክሯል" ያላችሁን አላህ ይቅር ይበላችሁ። "እግሩ የዶሮ ይመስላል" ብለህ የጻፍከው፣ አባትህን አውቀዋለሁ። የሱንም እግር አውቀዋለሁ።

አሁን ነገሩን ከባለቤቱ ስሙት።

እዚህ እኛ ጋ ቫኬሽን የሚባለውን የሚያውቁት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። መምህራኑ ትምህርት ሲዘጋ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። አዲስ አበባ የሚሠራው ልጄ ጀማልም ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ፎቶ ይልክልኛል። ባለፈው ዓመት ያንን ቁምጣ ላከልኝና፣ አባ፣ እርስዎም አንድ ቀን ይረፉ አለኝ።

እኔ በአርባ ዓመት ውስጥ አርፌ አላውቅም። በአጨዳ ጊዜ ከማሳ ማሳ እዞራለሁ። አጨዳው ሲያልቅ የተሰበረውን እጠግናለሁ። እሱን ስጨርስ ሌላው አጨዳ ይደርሳል።

ዘንድሮ በቃኝ። የመጨረሻው ማሳ በታጨደ በሳምንቱ ለባለቤቴ ለዘይነባ አዋጅ አወጅኩ፦ ከቅዳሜ ጀምሮ ዐሥር ቀን ቫኬሽን ላይ ነኝ። የምሄድበትም ቦታ ቤቴ ነው።

"አሁን የት ሆነህ ነው?" አለችኝ።

ቤቴ እየኖርኩበት አይቼው እንደማላውቅ ነገርኳት። ይህን አባባል ራሴ ነኝ የፈጠርኩት። መጥቀስ ትችላላችሁ።

ደንብም አወጣሁ። ስልክ ይጠፋል። የግቢው በር ይዘጋል። መፍቻ አይነካም። ከጁምዓ በቀር ሶላት ቤት ይሰገዳል፤ መስጊድ ከሄድኩ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንዱ ስለ ሞተሩ ይጀምረኛላ። የሚበላው ደግሞ ያማረኝ ነው፣ ባማረኝ ሰዓት።

ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ።

ጠዋት ውርጩ እስኪለቅ ብርድ ልብስ ውስጥ እቆያለሁ። ፀሐይ የጓሮውን ግድግዳ ስታሞቀው የበግ ቆዳዬን አንጥፌ፣ ቁምጣዬን ለብሼ፣ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ነክሬ እቀመጣለሁ። ከጎኔ አንድ ሳህን ጩኮ አለ።

ጩኮን ለማታውቁ፦ ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፣ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፣ በቃ። መንገደኛ ስንቅ አድርጎ ይይዘዋል። እኔም አርባ ዓመት ኮምባይነር ሥር ተጋድሜ፣ ግሪስ በነካው እጄ፣ ጣዕሙን ሳላውቅ ስውጠው ኖሬያለሁ። አሁን ግን አንዷን ጉርሻ አፌ ውስጥ እስክትቀልጥ ጠበቅኳት። ገብሱ ለብቻው መጣ። ቅቤው ለብቻው መጣ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ደግሞ ኮረሪማው መጣ!

ለምሳ ረመጥ ውስጥ የተቀበረ ድንች፣ በጨውና በሚጥሚጣ። ከዚያ እርጎ። አመሻሹ ላይ ትኩስ የስንዴ ቂጣና ሻይ በወተት። በሁለተኛው ቀን አንድ ደመና ከጎረቤት ጣራ ተነሥቶ እስከ ተራራው ሲሄድ ሙሉውን አየሁት። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ዘይነባም ከሥራዋ መሃል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ድንች ላጠች፣ ግማሹን ሰጠችኝ። ከተጋባን ጀምሮ በጠራራ ፀሐይ አብረን ቁጭ ብለን እንደማናውቅ የነገረችኝ እሷ ናት። አሰብኩት። እውነቷን ነው።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ።

አንድ ነገር ግን ረስቻለሁ። በእኛ ሰፈር ሰው በሩን ዘግቶ ከተቀመጠ ምክንያቱ ሁለት ብቻ ነው። ወይ ታሟል፣ ወይ ሞቷል። ሦስተኛ የለም። ሦስት ቀን በንጋቱ ሶላት፣ ሱብሒ ላይ ያልታየ፣ ስልኩ የማይጠራ፣ በሩ የተቆለፈ ሽማግሌ ደግሞ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የታመመን ሰው ለመጠየቅ ደግሞ ግብዣ አይጠበቅም።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ።

"አሰላሙ ዐለይኩም! ያ ከድር!"

ሐጂ አማን ነው። ሐጂ አማን አጥር ለአጥር ጎረቤቴ፣ በመስጊዱ ጀመዓ የሚከበር ትልቅ ሰው፣ ደግሞም ኮምባይነሩን ለሰላሳ ዓመት የጠገንኩለት ደንበኛዬ ነው። ከኋላው የሌሎች ሁለት ሰዎች ሳል ይሰማል።

እኔ ደግሞ በቀቀን ለብሻለሁ።

ፍረዱኝ። ሐጂ በሰላሳ ዓመት ውስጥ ጉልበቴን አይቶ አያውቅም። ዘይነባ በሩን እስክትከፍት ከሳፋው ዘልዬ ወጣሁ፣ ጓሮውን በሩጫ አቋረጥኩ፣ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩ።

የሸሸሁት ለእግሬ ብዬ ነው። ይህ ይመዝገብልኝ።

ሲገቡ ያገኙት ፊቱ በላብ የራሰ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሽማግሌ ነው።

"ማል ታቴ?" አለ ሐጂ አጎንብሶ። ምን ሆንክ ማለቱ ነው።

"ደክሞኛል" አልኩት።

ውሸት የት አለ? በስልሳ ስምንት ዓመቴ ጓሮ ሙሉ ሮጫለሁ!

ተያዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሐጂ አማን "ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ" ሲል፣ አላህ ያሽርህ ሲለኝ ማለት ነው፣ ድምፁ ተሰበረ። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

መነሣት የነበረብኝ ያኔ ነው። አውቃለሁ። አትጻፉልኝ።

ብነሣ ግን ቁምጣው አለ።

ሲሄዱ ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። እሷ እንደማትዋሽ፣ የጠየቃትን ሁሉ ራሱን ጠይቁት እንደምትለው ነገረችኝ። እኔም ማንም ታመሃል ወይ ብሎ እንዳልጠየቀኝ አስረዳኋት። ልትመልስልኝ አፏን ከፈተችና ተወችው። ዘይነባ ስትናገር አልፈራም። ስትተወው ነው የምፈራው።

ከዚያ ምግብ መምጣት ጀመረ።

የታመመ ሰው ቤት በባዶ እጅ አይገባም። መሃሉ በቅቤ የተሞላ ገንፎ መጣ። የዶሮ መረቅ መጣ። ሐጂ አማን ደግሞ ለራሱ ያስቀመጠውን የሐረና ጫካ ማር ከነሰፈፉ ላከልኝ። ቫኬሽኔ በአንድ ከሰዓት ባለ አምስት ኮከብ ሆነ!

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ወላሂ ብያለሁ። በማግስቱ ግን ገንፎው ቀድሞኝ ደረሰ። ገንፎ ፊት እውነት አይወራም፤ ገንፎው ይቀዘቅዛል።

ሁሉንም በላሁት። ጥፋቴም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ባዶ ሳህን ይመለስላቸዋል። ያውም የተላሰ። ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። አንዱ፣ የሚበላ በሽተኛ እየዳነ ነው አለ። ሐጂ አማን ግን አልተስማማም። አባቱም እንዲያ እንደነበሩ ተናገረ፤ ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የምግብ ፍላጎታቸው ተከፍቶ፣ የቀረበላቸውን ሁሉ ጥርግ አድርገው ይበሉ ነበር።

"ስንቁን እየያዘ ነው" አለ በሐዘን።

አያችሁልኝ? በበላሁ ቁጥር ይበልጥ እሞታለሁ። ልቀንስ አሰብኩ። ማሩ ግን አጠገቤ ነበር።

ዛሬ ሐሙስ፣ በስድስተኛው ቀን፣ ቁምጣዬን ለብሼ ወደ ፀሐዬ ልወጣ ስል አንድ ሚኒባስ በሬ ላይ ቆመ። ገና ሲቆም የሞተሩ ድምፅ ደስ አላለኝም፤ ይንተፋተፋል። ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ስድስት ሰዎች ገቡ። ነገሩን ያለ እኔ መክረው ጨርሰውታል፤ ጎባ ሆስፒታል ሊወስዱኝ ነው። አያስፈልግም አልኩ። በሽተኛ አያዝዝም አሉኝ።

ዘይነባን በዓይኔ ለመንኳት።

"ጫማዬን ላድርግና እንሂድ" አለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

በጋቢ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸከሙኝ። አንዱ ክብደቴን አማረረ። ሌላው በሽታ ያከብዳል አለው። ማሩ ነው።

ዘይነባ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። እኔን ከኋላ አጋደሙኝ፤ ራሴን ሐጂ አማን ጭኑ ላይ አስደገፈው። ቀስ ብሎ ቁርአን ይቀራልኝ ጀመር። እጁ ግንባሬ ላይ ነው። ያን ጊዜ፣ በአላህ፣ ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር።

መኪናው ተንገጫገጨና ጠፋ።

ሮቤን ለቀናል፣ ጎባ አልደረስንም። ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ ብቻ። ሹፌሩ ቶፊቅ ያስነሣል፣ ሞተሩ ትንሽ ያንኮራፋል፣ ይጠፋል። ወርዶ፣ እነዘይነባን አስወርዶ፣ ወንበሩን አንሥቶ ሞተሩን አየ። ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ሞቷል ብሎ ፈረደ። ሌላ መኪና ይጠራ አለ።

ኢንጀክተሩ አልሞተም! በጀርባዬ ተኝቼ እየሰማሁት ነው! ናፍጣ የሚያመጣው ቱቦ ላልቶ አየር ስቧል። ቶፊቅ ግን ያስነሣል። ጥርሴን ነከስኩ። እንደገና ያስነሣል። ብርድ ልብሱን ነከስኩ። ሦስተኛ ሊያስነሣ ቁልፉን ሲያዞር፦

"አየር ስቦ ነው፣ አንተ! ተው፣ ባትሪውን ጨረስከው!"

ቁርአኑ ቆመ። የተናገረው ሟቹ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቪዲዮ አይታችሁታል። ብርድ ልብሱን ገፍቼ ወረድኩ። ጋቢው በሩ ላይ ተይዞ ቀረ። እኔ፣ በቀቀኖቹና የባሌ ንፋስ ብቻ ቀረን።

ቱቦውን በጣቴ ተከትዬ ችግሩን ወዲያው አገኘሁት። ማሰሪያው ተሰብሯል። ሽቦ ጠየቅኩ፤ የለም። ገመድ ጠየቅኩ፤ የለም። የቁምጣዬ ማሰሪያ ግን ጥሩ ጠንካራ ናይለን ነው። መዝዤ አወጣሁት፣ ዘይነባ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ፣ ቱቦውን ሁለት ዙር አጠበቅኩት። ከዚያ ቁምጣዬን በግራ እጄ ይዤ፣ በቀኝ እጄ ናፍጣ የሚገፋውን የእጅ ፖምፓ የአየሩ አረፋ እስኪጠፋ ጫንኩ።

"አሁን አስነሣ።"

በመጀመሪያው ተነሣ! እንደ ሰዓት ዞረ! በመንገዱ ሲያልፉ አይተውን የቆሙት የባጃጅ ሹፌሮች፣ አንዱ በስልኩ እየቀረጸ፣ አጨበጨቡ። እኔም ለምስጋና እጄን አነሣሁ።

ግራ እጄን።

አልሐምዱሊላህ፣ ዘይነባ ጋቢውን ይዛ ስትደርስ ከካሜራው ትንሽ ፈጥናለች።

የተሳቀው ሳቅ ምንም አላደረገኝም። ስለ ቁምጣዬም አላፍርም፤ ምቹ ነው። ያልቻልኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሐጂ አማን ጉልበቱን እየደገፈ ከመኪናው ወርዶ ፊቴ ቆመ።

"ያ ከድር፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ።"

"ስድስቱንም ቀን?"

"ስድስቱንም ቀን።"

ጮኾ ሳይሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

"ሰላሳ ዓመት ይህ ዕቃ ሞቷል ቀይረው ስትለኝ ሳላየው ቀይሬያለሁ። የማየው ቃልህን ነው። ከዛሬ ወዲያ ምን ልይ?"

ይህች ናት የገደለችኝ። የእኔ ሥራ በመፍቻ የሚቆም ይመስላችኋል። የሚቆመው በቃል ነው። ገበሬ ሞተር ውስጥ ገብቶ አያይም፤ የእኔን አፍ ነው የሚያየው። ሐጂ አማን አፌን ካላመነው፣ በዚህ አገር የሚያምነው አይኖርም።

ስለ ብረት አንድም ቀን ዋሽቼው እንደማላውቅ ልነግረው ሞከርኩ።

"ያለቀስኩት ለብረት ነው?" አለኝ። ደግሞም፣ "ደህና ከሆንክስ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ ጩኮ የምትበላ ከሆነ፣ አጥር ለአጥር ሆነን ለምን አልጠራኸኝም?"

ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። እኔ ብቻዬን በላሁ፤ ሞተ ሲባል ግን ስድስት ሰው ተሸከመኝ።

ሚኒባሱ ዞሮ ወደ ሮቤ መለሰን።

አሁን "ከድር ቤቱ ተደበቀ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። አልተደበቅኩም። ሱሪዬን ለብሼ ለከሰዓቱ ሶላት፣ ለዐስር፣ መስጊድ ሄድኩ። ሶላቱ ሲያልቅ ሰዉ ሳይነሣ ቆምኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁምጣውን፣ ሩጫውን፣ ገንፎውን። በቫኬሽኑ እንደማላፍር፣ አርባ ዓመት የሠራ ሰው ዐሥር ቀን መቀመጥ መብቱ እንደሆነ፣ ያፈርኩት በሐጂ አማን እንባ ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ።

"ማሩንና ገንፎውን መመለስ አልችልም፤ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ዱዓችሁን ግን ውሰዱ፤ አልተጠቀምኩበትም" አልኳቸው።

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሐጂ አማን ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው። ዞሮ እንኳ አላየኝም።

"ዱዓ ተመላሽ የለውም" አለ። "ይቀመጥልህ። አንድ ቀን ትታመማለህ።"

ከዚያ ተነሥቶ ወደ በሩ ሲሄድ አጠገቤ ቆመ። "የኮምባይነሬ ቀበቶ ይንጫጫል። ነገ መጥተህ እየውና መሞት አለመሞቱን ንገረኝ።"

መሞት አለመሞቱን ንገረኝ! ሰምታችኋል? ቃሌን ጠየቀኝ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ እየሮጠ ይሄዳል።

"ሐጂ፣ ቫኬሽን ላይ ነኝ" አልኩት። "አራት ቀን ይቀረኛል።"

ሐጂ አየኝ። ጢሙ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

"እንግዲያው ነገ ከጁምዓ በኋላ እኔው እመጣለሁ" አለ። "በሩን ክፈተው።"

እንግዲህ ስትስቁብኝ ለዋላችሁ ሁሉ፣ በስድስት ቀን ውስጥ ያከናወንኩትን ልዘርዝርላችሁና ከእናንተ ሥራ ጋር አስተያዩት፦

ጩኮ ምን ምን እንደሚል አወቅኩ።

አንድ ደመና ከመነሻው እስከ መድረሻው አየሁ።

ከሚስቴ ጋር በቀን ብርሃን ድንች በላሁ፤ ሦስት ጊዜ።

ተኝቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የሞተር በሽታ በጆሮዬ ብቻ ለየሁ። ይህን የሚችል ዲፕሎማ ያለው ሰው ካለ ይምጣ።

ያለ ሽቦ፣ በአንድ እጅ፣ ሚኒባስ አስነሣሁ። ቶፊቅ ከሰዓት በኋላም ሲሠራበት ውሏል።

መስጊድ ውስጥ ቆሜ ዋሽቻለሁ አልኩ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው፤ ማንዋልም የለውም።

የአንድ ሰፈር ሙሉ ዱዓ፣ ያልተነካ፣ በእጄ አለ። ከእናንተ ውስጥ ስንቱ አለው?

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ የምታውቁ ንገሩኝ። ለሚመጣው ዓመት በገዛ ቤቴ ለማረፍ የእረፍት ፈቃድ ማመልከቻውን የማስገባው ለዘይነባ ነው ወይስ ለሐጂ አማን?